ከሰንጠረዡ ያወጣኋቸው ቀናት

ውድ ጓደኛዬ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ አንድ ነገር ለመናዘዝና አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው። የምናዘዘው ይህ ነው፤ አንቺ ስምንት ወር በእግርሽ ዞረሽ ካመጣሽው መረጃ ውስጥ የአንድ መቶ ሠላሳ አንድ ቀናትን ቆጠራ «መሣሪያው ታውኳል» ብዬ ከሰንጠረዡ ያወጣሁት እኔ ነኝ። መሣሪያው ደኅና ነበር። የታወክሁት እኔ ነበርኩ። የምጠይቅሽን መጨረሻ ላይ እጽፈዋለሁ፤ አሁን ብጽፈው ቀሪውን ሳታነቢ የምትወስኚ ይመስለኛል፤ ሳታነቢ እንድትወስኚ ደግሞ አልፈልግም።

ሦስት ጊዜ ደውዬልሽ አላነሣሽም፤ ትክክል ነሽ። በስልክ መልእክት ልልክልሽም አስቤ ነበር። ተውኩት። መልእክቱን ያነበብሽበትን ደቂቃ ስልኬ ይነግረኛል፤ እኔም እንደ ልማዴ ያንን ደቂቃ ስመረምር፣ ለምን ወዲያው እንዳልመለስሽ ስተነትን እውላለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ ሰዎች ሳያዩኝ የሰዎችን ዱካ ሳይ ኖሬያለሁ። ይህን ደብዳቤ መቼ እንደምታነቢው ባላውቅ ይሻላል።

ጥናታችንን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ፤ ሆኖም ጥፋቴ ከየት እንደ ጀመረ ለራሴም የሚታየኝ ነገሩን ከሥሩ ስጽፈው ነውና ታገሺኝ። ሃያ አራት ጡረተኞች ነበሩ፤ በእያንዳንዳቸው የእጅ አንጓ ላይ እርምጃን፣ የልብ ምትንና እንቅልፍን የሚመዘግብ ሰዓት መሳይ ቆጣሪ ታሰረ። ለግማሾቹ ስልካቸው በየሁለት ሰዓቱ «ተነሥተው ጥቂት ይራመዱ» የሚል መልእክት ይልካል፤ ለቀሩት አይልክም። ጥያቄያችን እንዲህ ያለው መልእክት ሰውን ያንቀሳቅሰዋል ወይ፣ ኑሮው ደስ እንዲለውስ ያደርገዋል ወይ የሚል ነበር። አንቺ በሳምንት አንድ ጊዜ በየቤታቸው ሄደሽ ከቆጣሪው መረጃውን ትወስጃለሽ፤ ስለ ስሜታቸው አሥር ጥያቄ ትጠይቂያለሽ። እኔ ቢሮ ተቀምጬ ያመጣሽውን አጠራለሁ። እኔ ዘንድ ስም የለም፤ ከአንድ እስከ ሃያ አራት ያለ ቁጥር ብቻ። አንቺ ፊታቸውን ታውቂያለሽ፤ እኔ ልባቸው በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚመታ አውቃለሁ።

ያቺ ሁለት ጠረጴዛ ፊት ለፊት የተገጠሙባት ጠባብ ክፍል ትዝ ትልሻለች። ከመስክ ስትመለሺ ጫማሽን በሩ ላይ ታራግፊና ቦርሳሽን ወንበሩ ላይ ወርውረሽ «ዳኛዋ፣ ዛሬስ ስንት ቁጥር አሰርሽ?» ትይኛለሽ። ዳኛዋ ብለሽ የሰየምሽኝ አንቺ ነሽ። የጥናቱን የአሠራር ደንብ ባለ አርባ ሁለት አንቀጽ አድርጌ የጻፍኩ ጊዜ ነው ስሙ የወጣልኝ። ፈገግ እል ነበር፤ ውስጤ ግን ፈገግ አይልም። አብረን ስንማር በውጤት እኔ እበልጥሽ ነበር፤ ይህን የምጽፈው ለመመካት አይደለም፤ ቅናቴ የቱን ያህል እንዳላስፈለገኝ እንድታይ ነው። ደንቡን እኔ እጽፋለሁ፤ በሩ የሚከፈተው ግን ላንቺ ነው። እኚያ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴትዮ አንቺን እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሳይሸኙ አይመለሱም ነበር። ርግብ የሚያረቡት ሰውዬ ርግቦቻቸውን ለማሳየት ደረጃውን ሁሉ ያስወጡሽ ነበር። ይህን እየሳቅሽ ትነግሪኛለሽ። እኔ ደግሞ ከሳቅሽ ውስጥ ቁጥር እፈልጋለሁ።

ቁጥር አሥራ ሰባት አባቴ ነበር።

በደንቡ መሠረት ዘመዱ በጥናቱ የገባ ሠራተኛ በሦስት ቀን ውስጥ ለኃላፊዋ ማሳወቅ አለበት። አንቀጹን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የጡረተኞች ማኅበር የፈቃደኞቹን ዝርዝር ሲልክ የአባቴን ስም አየሁ፤ ዝርዝሩን አጥፌ ፋይሉ ውስጥ ከተትኩት፤ ዝም አልኩ። ቤቱ ስሄድ ቆጣሪውን ፈትቶ ፊቱን ሲታጠብ ከቆጣሪው ጀርባ የተለጠፈውን ቁጥር አነበብኩ። ዝም ያልኩበትን ምክንያት ላንቺ ብቻ ነው የምጽፈው። እናቴ ካረፈች ወዲህ እኔና አባቴ የምናወራው ሦስት ነገር ብቻ ሆኖ ነበር፤ ውኃ መጣ ወይ፣ ቁልፉ የት ነው፣ ዛሬ ይዘንባል ወይ። ሠላሳ አራት ዓመት በቀያሽነት ያገለገለ ሰው ነው፤ ሜዳ ለሜዳ ሲለካ ኖሮ ቤት ሲገባ ቃል ይቆጥባል። እኔም እሱን ነው የመሰልኩት። እንዴት አደርክ ማለት አቅቶኝ፣ ስንት ሰዓት እንደ ተኛ ከሰንጠረዡ ላይ ማንበብ ጀመርኩ። የሚያሳፍር ቢሆንም ደስ ይለኝ ነበር። አባቴን በየጠዋቱ አገኘው ነበር፤ እሱ ግን እንደ ተገናኘን አያውቅም።

ከዚያ ሐሙስን አየሁት።

በሌሎች ቀናት አሥራ ሰባት ከሁለት ሺህ እርምጃ አይዘልም። እሑድ፣ እኔ ምሳ ይዤ የምሄድበት ቀን፣ ዘጠኝ መቶ። ሐሙስ ስድስት ሺህ። እርምጃው ብቻ ቢሆን ምናልባት እችለው ነበር። የልቡ ምት ነው ያላስቻለኝ። ሐሙስ ለዘጠኝ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ምቱ ከፍ ማለት ይጀምራል፤ አንቺ የምትደርሺው ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሰውዬው እየጠበቀሽ ነበር። እሑድ እኔ በምገባበት ሰዓት ያለውን መስመር ደጋግሜ አየሁት፤ የልብስ ማስጫ ገመድ ይመስል ቀጥ ያለ ነው። እኔ የገባሁበት ደቂቃ የቱ እንደ ሆነ ከመስመሩ መለየት አልቻልኩም። አሥራ አንድ እሑዶችን አየሁ። በአንዳቸውም ላይ የለሁም።

በዚያው ሰሞን አንቺ ብርቱካን እየላጥሽ፣ «አሥራ ሰባት ቁጥርን ብታገኚው ትወጂው ነበር፤ ወሬኛ ነው፤ አላስወጣ ይለኛል» አልሽኝ። ወሬኛ! የእኔ አባት! በተከታዩ እሑድ ራሱ አባቴ ማንኪያውን እንደ ያዘ ለብቻው ሳቀ። ምን አሳቀህ ብለው «የሐሙሷ ልጅ የነገረችኝ ትዝ ብሎኝ ነው» አለ። ምን ነገረችህ አልኩት። «እንዲያው ጨዋታ ነው» ብሎ ወደ ሳህኑ ተመለሰ። ላንቺ ስም አውጥቶልሻል። እኔን የሚጠራኝ በሙሉ ስሜ ነው፤ እንደ ክፍል ኃላፊ ስም ጥሪ። ጫማውን ተመለከትኩ፤ አዲስ ማሰሪያ ገብቶለታል። ለእሑድ አሮጌው በቂ ነበር ማለት ነው። ሰው በጫማ ማሰሪያ ይቀናል ብትይኝ ከዚያ በፊት አላምንሽም ነበር።

እንግዲህ ያደረግሁትን ላስረዳ። ከተሳታፊው አማካይ ሁለት እጥፍ የበለጠ ቆጠራ ያለበት ቀን ቀይ ምልክት ይደረግበታል። ምልክት ያለበት ቀን ከመውጣቱ በፊት መረጃ አጥሪዋ የመስክ ሠራተኛዋን ትጠይቃለች፤ የመስክ ሠራተኛዋ ማስታወሻ ደብተሯን አይታ ትፈርማለች። የአሥራ ሰባት ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ሐሙሶች ቀይ ሆነው ፊቴ ተደረደሩ። አንቺ ከእኔ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጠሽ ነበር። ቀና ብዬ «እነዚህ ቀናት ምን ተደርጎባቸው ነው?» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አልጠየቅሁሽም። ብጠይቅሽ ትነግሪኛለሽ፤ ብትነግሪኝ እውነት ይሆናል። አሥራ ዘጠኙንም «መሣሪያው ታውኳል» ብዬ አወጣኋቸው። አባቴ ሐሙስ የሚባል ቀን እንዳልነበረው ሆነ፤ እኔም ምሳዬን በሰላም በላሁ።

ሰላሙ አንድ ቀን እንኳ አልቆየም። ለአንድ ተሳታፊ ብቻ እንዲህ ማድረግ አድልዎ ነው የሚል ሐሳብ ያዘኝ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ አፍሮ የሠራውን ይመልሳል። እኔ ግን ዳኛዋ ነኝ፤ ጥፋቴን ደንብ አደረግሁት። ጎብኚዋ መረጃ ስትወስድ ቆጣሪውን ስለምትነካካው በጉብኝት ቀን የሚታይ ጭማሪ ሁሉ አይታመንም የሚል አንድ ገጽ ተኩል ማብራሪያ፣ ከነግርጌ ማስታወሻው ጻፍኩ። ከዚያም ሃያ አራቱንም ሰዎች እኩል ዳኘሁ። እኚያ ሴትዮ አንቺን የሸኙባቸው ቀናት፣ የርግቦቹ ደረጃ፣ ሁሉም ሄዱ። አንድ መቶ ሠላሳ አንድ ቀን። ሥራዬን እንዲያ ባለ ጥንቃቄ ሠርቼ አላውቅም።

የስብሰባውን ቀን ማስታወስ ላንቺ ምን እንደሚያህል እገምታለሁ፤ ግን ልዝለለው አልችልም። «ሰዎቹን የሚያስነሣቸው መልእክቱ አይደለም፤ ሰው ሲመጣ ነው የሚነሡት» አልሽ። ኃላፊያችን መነጽራቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ሰንጠረዡን ከፈትኩ። የጉብኝት ቀናት ከሌሎቹ ቀናት ጋር አንድ ዓይነት ነበሩ፤ እንዲያ አድርጌ አስተካክያቸዋለኋ። ኃላፊዋ በትህትና፣ የመስክ ሰው ስሜቱን ከመረጃ ሊያስበልጥ እንደማይገባው ተናገሩ። አንቺ ወደ እርሳቸው አላየሽም። ወደ እኔ ነበር የምታዪው።

«አንቺ ታውቂያለሽ እኮ» አልሽኝ፤ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ።

«ሰንጠረዡ ላይ የለም» አልኩሽ።

ቃል በቃል እውነት ነበር። በሕይወቴ ከተናገርኩት ውሸት ሁሉ የሚከፋውም እሱ ነው። በወሩ መጨረሻ ውልሽ አልታደሰም። ስትወጪ ጨበጥሽኝ፤ እጅሽ ሞቅ ያለ ነበር፤ የእኔ ቀዝቅዞ እንደ ነበር ሳታውቂ አልቀረሽም። ሌላ ከተማ ሥራ ማግኘትሽን የሰማሁት ከጽዳት ሠራተኛዋ ነው። እውነቱን ለመናገር በሄድሽ ሳምንት ቀለል ብሎኝ ነበር። አሁን ሐሙስ የማንም አይደለችም፤ እኔ እወስዳታለሁ ብዬ አሰብኩ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ሐሙስ ቀን ፈቃድ ጠይቄ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አባቴ ቤት ሄድኩ። ባንቺ ሰዓት፣ ባንቺ ቀን፣ ባንቺ በር። ጥናቱ አብቅቶ ቆጣሪው ከእጁ ከተፈታ ሁለት ወር አልፎታል። በሩን ሲከፍት ጢሙን ተላጭቶ፣ ጫማውን አድርጎ፣ ካፖርቱን ክንዱ ላይ ይዞ ነበር። ፊቱ በርቶ ነበር። እኔን ሲያይ አልጠፋም፤ ክሩን ዝቅ እንዳደረጉት ፋኖስ ሆነ እንጂ።

«አንቺ ነሽ እንዴ፤ ዛሬ እሑድ ነው?» አለኝ።

ሐሙስ ነው አልኩት። ማን ይመጣል ብለህ ነው የለበስከው ብዬ ጠየቅሁት፤ መልሱን እያወቅሁ። ማንም አይመጣም፣ እግሬ ለምዶ ነው አለ። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ደብተር አወጣ። ገጾቹ በማስመሪያ ለሁለት ተከፍለዋል፤ በአንዱ በኩል እሱ በአፉ የቆጠረው፣ በሌላው ቆጣሪው የቆጠረው። መጀመሪያ ቆጣሪውን ስታስሪለት «እኔ ቤት ነኝ እንዴ ቆጣሪ የሚገጠምልኝ?» ብሎሽ ኖሯል። አንቺም እስቲ ማን ይበልጣል ብለሽ አወዳደርሻቸው። ቀያሽ በእርምጃው ይምላል፤ ነገሩ የክብር ጉዳይ ሆነበት። በየሐሙሱ እስከ ውኃ ማጠራቀሚያው ድረስ ዝም ብላችሁ እየቆጠራችሁ ትሄዳላችሁ፤ ሲቆጠር አይወራምና ወሬው ሁሉ ለመልሱ መንገድ ይቆያል። «ይኸ ሰላይ ከመቶው ሰባት ይሰርቀኛል» አለኝ፤ በኩራት። እንዲህ ሲናገር ያየሁት ልጅ ሳለሁ ነው።

ደብተሩን ይዤ ቆሜ፣ መጠየቅ የማይገባኝን ጠየቅሁት። «አባባ፣ ከእኔ ጋር ለምን አትወጣም?»

«አንቺ መቼ እንውጣ ብለሽኝ ታውቂያለሽ?» አለኝ። «ስትመጪ መጀመሪያ እጄን ነው የምታዪው። ከዚያ ዛሬም አልተንቀሳቀስክም ትይኛለሽ። እሷ እጄን አታይም። ጫማህ የት አለ ነው የምትለው።»

ግድግዳው ላይ ወዳለው የምረቃ ፎቶዬ በአገጩ እያመለከተ የቀረውን ነገረኝ። የመጀመሪያው ቀን ፎቶውን እንዳየሽ «ይህቺማ ዳኛችን ናት» ብለሽ ስቀሻል። ከዚያ ሳቅሽን አቁመሽ፣ ልጁ መሆኔን ለማንም እንዳይናገር፣ ለእኔም አንቺ ማወቅሽን እንዳይነግረኝ አስምለሽዋል። «ከሥራ እንዳያባርሯት ፈርታልሽ ነው» አለኝ።

ስለዚህ ስብሰባው ላይ «አንቺ ታውቂያለሽ እኮ» ስትዪኝ ምን ማለትሽ እንደ ነበር የገባኝ ያኔ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ብትጨምሪ እኔ ወጥቼ አንቺ ትቀሪ ነበር። አልጨመርሽም።

የተቀደሰ ጸጸት ተሰማኝ ብዬ ብጽፍልሽ ደስ ባለኝ። የተሰማኝ ግን አሁንም ቅናት ነው። አባቴን ማስነሣት ብቻ አልበቃሽም፤ ከእኔም በላይ መልካም መሆን ነበረብሽ? እንዲህ ብዬ ተናደድኩብሽ፤ እዚያው፣ ደብተሩን የሞላው የአባቴ የእጅ ጽሑፍ እጄ ላይ እያለ። እሱ ካፖርቱን ለበሰና «በይ እንግዲህ ከመጣሽ አይቀር» አለኝ። ወጣን። እስከ ግማሽ መንገድ ሄደን ተመለስን። አንድ ሺህ ላይ ቁጥሩ ጠፋብኝ፤ ለሙያዬ አይመጥንም። «እሷ ፈጠን ትላለች» አለኝ፤ ክፋት የለበትም፤ የለካውን መናገር ልማዱ ነው። በእሱ ቆጠራ ሁለት ሺህ አንድ መቶ አርባ እርምጃ ሆነ። ግማሽሽን እንኳ አልደረስኩም።

በማግስቱ ኃላፊያችን ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ተናገርኩ፤ አባቴን፣ ሐሙሶቹን፣ ደንብ ያስመሰልኩትን ማብራሪያ። አንቺ ስለ ፎቶው ማወቅሽን አልተናገርኩም፤ እሱን መናገር ያንቺ ነው። ኃላፊዋ እስክጨርስ ድረስ አላቋረጡኝም። ከዚያ የአባቴ መረጃ በሙሉ ከጥናቱ እንዲወጣ፣ እኔም አብሬ እንድወጣ ወሰኑ። ይህ ተገቢ ነው። የቀሩት ቀናት ይመለሱ ስላቸው ግን «በቃልሽ ወጡ፤ በቃልሽ አይመለሱም» አሉኝ። ዋናው ቆጠራ አልጠፋም፤ ተቀምጧል። ቀናቱ እውነተኛ መሆናቸውን የሚያረጋግጠው ግን የመስክ ደብተር ነው፤ ደብተሮቹም አራቱም ያሉት አንቺ ጋ ነው።

ነገሩ የእኔና ያንቺ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ልጠይቅሽ ድፍረቱን አጣ ነበር። ሪፖርቱ የሚሄደው ለአረጋውያን አገልግሎት ቢሮ ነው። ቢሮው ቤት ለቤት የሚዞሩትን ሠራተኞቹን አስቀርቶ በእነርሱ ፋንታ ቆጣሪና መልእክት ለማደል አስቧል፤ ድጋፍ የሚያደርገውም የእኔን የታጠበ ሰንጠረዥ ነው። ሪፖርቱ አሁን እንዳለ ከሄደ፣ ሸኝተው የሚመለሱት ሴትዮ የሚሸኙት ሰው አይኖራቸውም። ስልካቸው በየሁለት ሰዓቱ ተነሡ ይላቸዋል፤ እርሳቸውም ተቀምጠው ያነቡታል።

ይቅርታ አልጠይቅሽም። ይቅርታ ብጠይቅሽ ትሰጪኛለሽ፤ ያን ጊዜ እንደገና እቀናብሻለሁ። አባቴንም ለዚህ ጉዳይ መያዣ አላደርገውም፤ ልትጠይቂው ብትመጪ የእሱና ያንቺ ጉዳይ ነው፤ ሐሙስ እኔ እዚያ አልደርስም፤ እኔ ረቡዕን ይዣለሁ። እስካሁን ከሦስት ሺህ አላለፍንም። ደኅና ሁኚ።

የምለምንሽ ይህን ነው። ከደብዳቤው ጋር የአሥራ ሰባት ቁጥር ቀናት የወጡበት የአንድ መቶ አሥራ ሁለት ቀናት ዝርዝር አለ። እያንዳንዱን ቀን ከመስክ ደብተርሽ ጋር አስተያይተሽ፣ እውነት በሆነው ጎን ፈርሚ፤ ያልሆነውን ሰርዢ፤ ለእኔ አዝነሽ አንድም ቀን አትጨምሪ፣ ተቀይመሽኝም አንድም ቀን አትቀንሺ። ዝርዝሩንና አራቱን ደብተሮች በእኔ እጅ ሳያልፉ በቀጥታ ለኃላፊያችን ላኪላቸው፤ ሪፖርቱ ከመታተሙ በፊት፣ ማክሰኞ ሰኔ 16 ቀን ከቀኑ ስድስት ሰዓት በፊት ጠረጴዛቸው ላይ መድረስ አለባቸው።